ከጦማር ገንዘብ ፍለጋ፦ በጎንደር ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ፒያሳ አካባቢ ባለችው ጠባብ ቢሮዬ ጦማር (ብሎግ) ለመክፈት ብለው የሚመጡ ወጣቶች ወንበር ከያዙ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ጋሼ፣ በወር ስንት ዶላር ይገባል?» የሚል ነው። ስለ ምን ለመጻፍ እንዳሰቡ መልሼ ስጠይቃቸው «እሱ አያስቸግርም፣ ይገኛል» ይሉኛል። ስለ ጎንደርና ስለ ስሜን ተራሮች በራሴ ጦማር መጻፍ ከጀመርኩ ዐሥር ዓመት አልፎኛል፤ ከቤት ኪራዬ ከፊሉን የምከፍለውም ከእርሱ በሚገኝ ገቢ ስለሆነ፣ ገንዘብ ማሰባቸውን አልነቅፍም። የሚያሳዝነኝ አምና አንዱ የከሰረበትን ስህተት ዘንድሮ ሌላው እንደ አዲስ ግኝት ይዞት ሲመጣ ማየቴ ነው።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው አንባቢ ሳይኖር ማስታወቂያ መለጠፍ ነው። ሦስት ጽሑፍ ያልሞላው ጦማር ከላይ፣ ከታችና ከመሐል ለማስታወቂያ ቦታ ተከፍቶለት ሳይ፣ ዕቃ ሳይገባበት የገንዘብ መቀበያ መሳቢያ የተገጠመለት ሱቅ ይመስለኛል። በየጦማሩ ላይ ማስታወቂያ እያሳየ ለጦማሪው ድርሻ የሚከፍለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው የጉግል አድሴንስ አገልግሎት ክፍያ የሚልከው የተጠራቀመው ገቢ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ለሒሳብ እንዲመቸን አንድ ሺህ ጊዜ የታየ ገጽ አንድ ዶላር ያስገኛል ብለን ብንነሣ፣ የመጀመሪያዋን ክፍያ ለማየት ገጾቹ 100,000 ጊዜ መታየት ይኖርባቸዋል ማለት ነው፤ በቀን 50 ጊዜ የሚታይ ጦማር ደግሞ እዚያ ለመድረስ 2,000 ቀን፣ ማለትም አምስት ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ይህን በወረቀት ላይ ሠርቼ ሳሳያቸው አንዳንዶቹ እኔ ራሴ ገንዘቡን የደበቅኩባቸው ያህል ይቀየሙኛል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው እኮ ለእንዲህ ያለው ስሌት ነው።

በዚሁ በማስታወቂያው ጉዳይ ሁለት ነገሮች ቀድመው አይታዩም። አንደኛው ቋንቋ ነው፤ አገልግሎቱ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዘርዝሮ ስለሚያወጣ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በአማርኛ ከመጻፍ በፊት ያን ዝርዝር ከፍቶ ማንበብ አምስት ደቂቃ አይወስድም። ሁለተኛው አድራሻ ነው። ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻን ለማረጋገጥ የሚያገለግል ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በፖስታ ይላካል፤ በእኛ አገር ደግሞ ፖስታ የሚደርሰው በሣጥን ቁጥር እንጂ በየቤቱ አይደለም። የቀበሌውንና የቤቱን ቁጥር ብቻ ጽፎ ለወራት ደብዳቤ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ፤ የዘመዱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ቢያስገባ ኖሮ ነገሩ በአንድ ጊዜ ያልቅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በገዛ ራስ ጦማር ላይ የሚታየውን ማስታወቂያ በጣት መጫን (ክሊክ ማድረግ) እና ወዳጅ ሰብስቦ ማስጫን ነው። አንድ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹንና የክፍል ልጆችን አስተባብሮ፣ በየማታው ከእራት በኋላ እየተጠራሩ ማስታወቂያውን እንዲጫኑለት አደረገ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰማንያ ምናምን ዶላር ተመዝግቦለት ስልኩን ይዞ ሊያሳየኝ ሲመጣ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ልብሱን ለማጠብ ወደ ቤቱ በሄደበት ቅዳሜና እሑድ ሒሳቡ ተዘጋ፤ ገንዘቡም ለአስነጋሪዎቹ፣ ማለትም ማስታወቂያውን ከፍለው ላስነገሩት፣ ተመለሰ። አርባ ስልክ ከአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ገጽ ላይ ሲረባረብ ኮምፒውተር አያውቅም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው፤ ደንቡም ይህን አስቀድሞ በግልጽ ይከለክላል። የሚያናድደኝ ልጁ መሳሳቱ አይደለም። ጎበዝ ጸሐፊ ሆኖ ሳለ እነዚያን አርባ ጓደኞቹን እንዲጫኑለት ከመለመን ይልቅ እንዲያነቡትና እንዲተቹት ቢለምናቸው ኖሮ፣ ዛሬ አርባ ታማኝ አንባቢ ይዞ ይጀምር ነበር።

የሌላ ሰው ጽሑፍና ፎቶግራፍ መገልበጥን በአጭሩ ልለፈው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ከእንግሊዝኛ መተርጎምም ፈቃድ ይጠይቃል። የፋሲል ግንብ ከደጃችን ቆሞ ሳለ ፎቶግራፉን ከሌላ አገር ሰው ገጽ ላይ አውርዶ የሚለጥፍ የጎንደር ልጅ ግን ከሕጉ ይልቅ እግሩን የሰነፈ ይመስለኛል።

አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ብዙም የማያስቡት የፊደል ጉዳይ አለ። ከተማችንን አንዱ «ጎንደር» ሌላው «ጐንደር» ብሎ ይጽፋል፤ ተራራውን ደግሞ «ስሜን»፣ «ሲሜን» ወይም «ሰሜን» የሚል አይጠፋም። አንባቢ በስልኩ ሲፈልግ የሚጽፈው ጣቱ የለመደውን ፊደል እንጂ መዝገበ ቃላት ያጸደቀውን አይደለም። እኔ በርእሱ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን አጻጻፍ አስቀድሜ፣ ሌላውን አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ እንዲገኝ አደርጋለሁ። ከዚህም የባሰ ነገር አይቻለሁ። ስለ ምግብ አሠራር የምትጽፍ አንዲት እናት፣ ሽሮ ሜዳን የሚያስንቅ ጥልፍ በመሰለ ፊደል ያጌጠ ሥዕል ላይ ሙሉውን የአሠራር ዝርዝር እያስጻፈች ትለጥፍ ነበር። ፈላጊ ሞተሩ (እንደ ጉግል ያለው መፈለጊያ) ጽሑፉን ከሥዕሉ ላይ አንብቦ ለአንባቢ ያቀርብልኛል ብሎ መተማመን ስለማይቻል «እትዬ፣ ይህን ሁሉ በተራ ፊደል እንተይበው» ብዬ አብረን ተየብነው፤ አንባቢዎቿ መምጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቆይቶም አንድ የቅመማ ቅመም ነጋዴ በገጿ ላይ ለሚወጣ ማስታወቂያ በየወሩ መክፈል ጀመረ፤ ያም ገንዘብ በዶላር ሳይሆን በብር ነበር፣ ግን ነበር።

የሻጭን ዕቃ አስተዋውቆ ኮሚሽን መቀበልም በጥንቃቄ ካልተያዘ የድካም መንገድ ነው። የኢንተርኔት ገበያው የአማዞን የአጋርነት ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት ውስጥ ሦስት ሽያጭ ያላስገኘን ሰው ሒሳብ ይዘጋል። አዘዞ ለሚኖር አንባቢ፣ ሊያዝዘው የማይችለውን ዕቃ ማስተዋወቅ ትርፉ ምንድን ነው? አንባቢዎችዎ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሆኑ፣ ወይም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የስሜን ከፍታ ላይ ድንኳን ተክለው ለማደር የሚዘጋጁ የውጭ ተጓዦች ከሆኑ ግን ስለ ሙቅ የመኝታ ከረጢትና ስለ ተራራ ጫማ መጻፍ ያስኬዳል። ዕቃውን ከመምረጥ በፊት አንባቢው ማን እንደሆነና ከየት ሆኖ እንደሚያነብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጊዜን አለማወቅ ሌላው ነው። ጥምቀት ጥር 11 መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ ሆኖም በየዓመቱ ጥር 6 ወይም 7 ላይ «የጥምቀት መመሪያ» ጽፎ ለእንግዳ ማረፊያዎች ማስታወቂያ ለመሸጥ የሚሯሯጥ ጦማሪ አይጠፋም። በዚያ ሳምንት ማረፊያዎቹ ሞልተዋል፤ ባለቤቶቹም ማስታወቂያ ሳይሆን ተጨማሪ ፍራሽ ነው የሚፈልጉት። ጽሑፉ ጥቅምት ላይ ቢወጣ፣ ማስታወቂያውም ኅዳር ላይ ቢሸጥ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ።

አሁን የራሴን ልናገር። ጦማሬ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሁለት ጊዜ ምሳ ጋብዞኝ፣ 500 ብር ጨምሮ፣ ስለ ቤቱ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ጻፍኩ፤ ስለ ክፍሎቹ ንጽሕና፣ ስለ ግቢው አበባ፣ ሌሊትና ቀን ስለማይቋረጠው ሙቅ ውኃ ሳይቀር ጻፍኩ። ስለ ውኃው ጠይቄ ሰማሁ እንጂ ቧንቧውን ከፍቼ አላየሁም፤ ተከፍሎኝ መጻፌንም አልገለጽኩም። ከአዲስ አበባ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ የመጣ አንድ አንባቢ ከማረፊያው ደውሎ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ «ወንድሜ፣ አንተን አምነን ነበር የመጣነው፤ ውኃው ከትናንት ጀምሮ የለም» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ምሽቱን ሁለት ጄሪካን ውኃ በባጃጅ ይዤ ሄድኩ፤ ያም ቢሆን ሰውየው ዳግመኛ አንባቢዬ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ከዚያ ወዲህ የተከፈለበት ጽሑፍ ሁሉ በመጀመሪያው መስመር ላይ መከፈሉን ይናገራል፤ ያላደርኩበትንም ቤት አልጽፍም። አንዳንድ ባለቤቶች ይህ መስመር እንዲወጣ ይለምኑኛል። እምቢ ስላልኳቸው የቀሩ ሦስት አሉ፤ ኪሳራውን ቆጥሬዋለሁ፣ አልቆጨኝም።

ይሉኝታም ከስህተቶቹ አንዱ ነው፣ ምናልባትም የጎንደሬ ዋነኛው። ከሚያውቁት ሰው ጋር ስለ ዋጋ መነጋገር ስለሚከብድ «የወደድከውን ትሰጠኛለህ» ተብሎ ሥራ ይጀመራል፤ ሥራው ሲያልቅ የሚሰጠው ቡና ይሆናል። የማስታወቂያው መጠን፣ የሚቆይበት ጊዜና ዋጋው በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ ይቀበል። ድርጅቶች ደረሰኝ ስለሚጠይቁና ገቢውም ግብር ስላለበት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣቱን ለነገ ማሳደር አይበጅም።

ገንዘቡ በምን በኩል እንደሚደርስ ሳያጣሩ መጀመርም የተለመደ ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ የአገር ውስጡ ክፍያ ቀሏል፤ ከውጭ ክፍያ አገልግሎቶች መካከል ግን ከዚህ መላክን እንጂ መቀበልን የማይፈቅዱ ስላሉ የአገሮችን ዝርዝር አስቀድሞ ማየት ይገባል። የምንዛሪው ነገር እኔንም አስተምሮኛል። ለድረ ገጹ ማስቀመጫ (ሆስቲንግ) በዶላር እየከፈልኩ ለአንድ ሱቅ የዓመት ማስታወቂያ በተቆረጠ ብር ሸጬ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነና፣ ትርፍ ያልኩት ገንዘብ ለማስቀመጫው ክፍያ እንኳ አልበቃ አለ። አሁን ውሎቼ ከሦስት ወር አይበልጡም።

ኢንተርኔት ሁልጊዜ እንደሚኖር አድርጎ መዋዋልም እንዲሁ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ በየሳምንቱ አዲስ ጽሑፍ አወጣለሁ ብለው ለአስነጋሪ ቃል የገቡ ጦማሪዎች ገንዘብ መመለስ ግድ ሆነባቸው። እኔ መደበኛ (የገመድ) የኢንተርኔት መስመር ወዳለበት ቦታ እየሄድኩ፣ ቀድሜ የጻፍኳቸውን በተወሰነ ቀን እንዲወጡ እያዘጋጀሁ አለፍኩት፤ በውሉም ላይ «መስመር የተቋረጠባቸው ቀናት በማስታወቂያው ዘመን ላይ ይጨመራሉ» የሚል አንቀጽ ገባ። የጽሑፎቹን ቅጂ በፍላሽ ማስቀመጥ፣ የድረ ገጹን ስም በየዓመቱ ማሳደስ፣ አንባቢን በፌስቡክ ብቻ አለመያዝ የሚሉትን ማንም ስለሚያውቃቸው አልፋቸዋለሁ፤ ምንም እንኳ እኔ ራሴ ስሙን ማሳደስ ረስቼ ለአሥራ አንድ ቀን ገጼ ጠፍቶ የነበረ ቢሆንም።

በመጨረሻ የማነሣው የራስ የሆነ የሚሸጥ ነገር አለማዘጋጀትን ነው። ለእኔ ከማስታወቂያ ሁሉ የተሻለ ገቢ ያስገኘልኝ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ስላለው መንገድ፣ ስለ ፓርኩ መግቢያ፣ ስለ ስካውት (ተጓዥን ስለሚያጅበው የፓርክ ጠባቂ) እና ስለ በቅሎ ኪራይ የሚያትት ባለ 24 ገጽ መመሪያ ነው፤ በስልክ የሚነበብ ሆኖ በቴሌብር ይሸጣል። በእርሱም ቢሆን አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ዋጋዎቹን በየመስከረሙ እንደማድስ ቃል ገብቼ ሳለ አንድ ዓመት ረሳሁት። መመሪያውን የገዛ አንድ ተጓዥ ደባርቅ ላይ ስልኩን አውጥቶ የእኔን ገጽ ለባለ በቅሎው እያሳየ በአሮጌው ዋጋ ሲከራከር ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሁለቱም ተስማምተው ደወሉልኝ። ልዩነቱን ለባለ በቅሎው በቴሌብር የላክሁት እኔ ነኝ።