ሚሊ ሜትር የሚበሉ ስህተቶች፦ በወሎ የጂፒኤስ ልኬት ዘመቻ ሲዘጋጅ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ የደጋውን ጠርዝ አቋርጦ ወደ አፋር ይወርዳል። እዚያ ሦስት ፕሌቶች፣ ማለትም የምድርን ቅርፊት የሚሠሩ ግዙፍ ቁራጮች፣ ይለያያሉ፤ የዓረቢያ ፕሌት አብዛኛውን አፍሪካ ከያዘው ከኑቢያ ፕሌት በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሶማሊያ ደግሞ ከኑቢያ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይርቃሉ። የወሎው ጠርዝ ድርሻ ከዚህ ሁሉ በጣም ያነሰ፣ ቢበዛ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ጠርዙ እንዳልተኛ ግን በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ይመሰክራል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ በቀለጠ ዓለት ሲሞላ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል። እንዲህ ያለ ነገር በሚሊ ሜትር ልክ የሚታወቀው ቀድሞ የተለካ ነጥብ በአካባቢው ካለ ብቻ ነው።

የልኬት ዘመቻ ማለት አለት ላይ ነጥብ ተክሎ፣ በላዩ የጂፒኤስ አንቴና ለጥቂት ቀን አቁሞ፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ነጥብ መለካት ነው። ችግሩ፣ ጂፒኤስ የመሬትን እንቅስቃሴ ከሰው ስህተት ለይቶ አያውቅም። ባለፈው ዙር ከተደረገው የተለየ ማንኛውም ነገር፣ አንቴናም ይሁን ወቅት ወይም የተሳሳተ ቁጥር፣ መሬት የሄደ ያስመስላል። ከታች የተዘረዘሩት ስህተቶች በአብዛኛው የዚህ ልጆች ናቸው።

የሚንሸራተት ቁልቁለት ላይ ነጥብ መትከል

ደሴ ከጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የመሬት መንሸራተት ለነዋሪው አዲስ ነገር አይደለም። ከተማው ዳር ባለ ቁልቁለት ላይ የተተከለ ነጥብ ከአምስት ዓመት በኋላ ጥሩ ፍጥነት ይሰጣል፤ የሚነግረው ግን ስለ ቁልቁለቱ ነው፣ ስለ ፕሌቱ አይደለም። ቦታ ሲመረጥ የተጣመሙ የስልክ ምሰሶዎችን፣ የተሰነጠቁ ግንቦችን፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደሉ ባሕር ዛፎችን ማየት ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ካለ ወደ ላይ ወጥቶ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ዋልካ ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እላዩ ላይ የፈሰሰ ኮንክሪትም አብሮት ይወጣል ይወርዳል። ወሎ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባዝልት የሞላበት አገር ስለሆነ ወጥ አለት አይጠፋም፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። አለት የመሰለው ሁሉ ግን አለት አይደለም። ከገደል የተላቀቀ ትልቅ ድንጋይ ግማሹ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ወጥ ይመስላል። በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ነው፦ ወጥ አለት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተላቀቀው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ጥርጣሬ ካለ ዙሪያውን ቆፍሮ ማየት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ያ ግማሽ ቀን አሥር ዓመት ያተርፋል።

ነጥቡ አለት ውስጥ የሚቀበር ካስማ ነው፤ ካስማው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ከሆነ ቀዳዳው 14 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ብናኙ ካልወጣ ካስማውን የሚያጣብቀው ሙጫ፣ ኢፖክሲው፣ ብናኙን እንጂ አለቱን አይዝም፤ ስለዚህ በፓምፕ ወይም በቱቦ ተነፍቶ ይወጣል። ደጋ ላይ ብርዱ ኢፖክሲውን ያዘገየዋልና በማግሥቱ እንጂ በዚያው ቀን አንቴና አይጫንበት። ነጥቡ ከተተከለ በኋላ በዙሪያው ካሉ ሦስት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ያለው ርቀት ይለካ፣ በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ይነሣ። ቀጥሎ የሚመጣው ቡድን ሌላ ሰው ነው፤ ነጥቡ ደግሞ የጣት ጫፍ የሚያህል ብረት ነው።

የአንቴናውን ከፍታ በግምት መጻፍ

በልኬት ዘመቻ ታሪክ ከዚህ በላይ ዳታ ያበላሸ ነገር ያለ አይመስለንም። በትሪፖድ (በባለሦስት እግር ማቆሚያ) ሲለካ ሜትሩ ከነጥቡ እስከ አንቴናው ጠርዝ በሰያፍ ይዘረጋል። ቅጹ ላይ ግን «ከፍታ» የሚል አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ካለ አንዱ ሰያፉን፣ ሌላው ቀጥታውን፣ ሦስተኛው እስከ አንቴናው ታች ያለውን ይጽፋል። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 17 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንቴና በሰያፍ 1.200 ሜትር ቢለካ፣ ወደ ቀጥታ ሲቀየር 1.188 ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት ነው፤ ከጠርዙ ከፍታው እስከሚቆጠርበት የአንቴናው መነሻ ያለው ርቀት ሲጨመር ደግሞ ስህተቱ ሴንቲ ሜትሮች ሊገባ ይችላል። አንዱ ዙር በሰያፍ፣ ሌላው በቀጥታ ተመዝግቦ ከሆነ የወሎ ደጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ወረደ ወይም ወጣ የሚል ውጤት ይመጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የተነበበው ቁጥር እንዳለ ይጻፍ፤ ስሌቱን ቢሮ ያለው ሰው ይሥራው። ሰያፍ ከሆነ በሦስት ቦታ ይለካ፤ ሦስቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ትሪፖዱ ጠማማ ነው። በሚሊ ሜትር ከተነበበ በኋላ በሜትሩ ሌላ ጎን በኢንችም ይነበብ። 1.200 ሜትር 47.24 ኢንች ካልሆነ አንዱ በስህተት ተነብቧል ማለት ነው፤ ስህተቱም እዚያው ይያዛል። ሲተከልም ሲነሣም መለካት የግድ ነው፤ ሦስት ቀን የቆመ ትሪፖድ አንድ እግሩ ሊሰምጥ፣ ፍየልም ሊገፋው ይችላል።

አንቴናውን ትሪፖዱ ላይ በሚያስተካክለው መቀመጫ፣ በትሪብራኩ፣ ላይ ያለው ክብ ውኃ ልክ በ8 የዲግሪ ደቂቃ ቢሳሳት፣ 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ አንቴናውን ከነጥቡ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ያርቀዋል። ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ትሪብራክ 180 ዲግሪ እየተዞረ ይፈተሽ። ገንዘቡ ካለ ግን ቁመቱ የተወሰነ ዘንግ ከትሪፖድ ይሻላል፤ ከፍታው በፋብሪካ የተለካ ስለሆነ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አይኖርም።

አንቴናውም ራሱ አይቀያየር። ሲግናሉን የሚቀበልበት ነጥብ ከአንቴና ዓይነት ወደ ዓይነት ስለሚለያይ፣ ከባልደረባ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አዲስ አንቴና ሲተካ የመሬቱ ከፍታ በሴንቲ ሜትር የዘለለ ሊመስል ይችላል። ባትሪው፣ ሲግናሉን የሚመዘግበው ሪሲቨር፣ ባለሙያው ሊለወጥ ይችላል፤ በተቻለ መጠን በአንድ ነጥብ ላይ አንድ ዓይነት አንቴና ይቀመጥ። ሁልጊዜም ምልክቱ ወደ ሰሜን ይዙር።

ሰዓትና ቀን መቀላቀል

የአገራችን ልዩ ችግር ይህ ነው። ዓለም አቀፉ ቀን የሚጀምረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ 24 ሰዓት የተመዘገበ ዳታ ዳታውን በሚያቀናብረው ፕሮግራም ዓይን በሁለት ይከፈላል፤ 19 ሰዓቱ በአንዱ ቀን፣ 5 ሰዓቱ በሌላው። አምስት ሰዓት ብቻ የያዘ ቀን ለሚሊ ሜትር ሥራ ደካማ ነው። ስለዚህ «ለሁለት ቀን ይቀመጥ» ሲባል ሁለት ሙሉ ዓለም አቀፍ ቀን ማለት መሆኑ ለሁሉም ይነገር። በተግባር በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተክሎ በአራተኛው ቀን ጠዋት ማንሣት ሁለት ሙሉ ቀንና ሁለት ቁራጭ ይሰጣል።

የመስክ ቅጹ ላይ «2:00» ብቻ ተጽፎ ሲገኝ ውጭ አገር ያለው ተንታኝ ምን ይገምት? ከእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3፣ ከሌሊት ሰዓት ላይ 15 ሲደመር ዓለም አቀፉ ሰዓት ይገኛል። ጠዋት 2 ሰዓት 05:00 ነው፤ ማታ 1 ሰዓት 16:00 ነው፤ ድምሩ ከ24 ካለፈ 24 ይቀነሳል። ቅጹ ላይ ሁለቱም ይጻፉ። ቀኑም እንዲሁ፦ ዳታው የሚታወቀው በዓመቱ ውስጥ ባለው የቀን ቁጥር ነው። ለምሳሌ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የአውሮፓው 2025 ዓ.ም. 284ኛ ቀን ነው። ከአንዱ የቀን መቁጠሪያ ወደ ሌላው በቃል ማስላት አያስተማምንም፤ የሁለቱን ዝርዝር አትሞ በየመኪናው ማኖር ይቀላል።

ባትሪውን ማመን

ሪሲቨርና አንቴና አብረው 4 ዋት ገደማ ይበላሉ እንበል። በቀን 96 ዋት ሰዓት፣ በሦስት ቀን 288 ነው። 7 አምፔር ሰዓት ያለው ትንሽ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ብቻ ይይዛል፤ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ ለሦስት ቀን 50 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል፤ 60 ቢሆን ይበልጥ ያስተማምናል። በጋ ላይ 40 ዋት ሶላር ይህን ያህል ጉልበት በቀላሉ ይሞላል። የመኪና ባትሪ ለመነሻ ጉልበት የተሠራ ስለሆነ በተደጋጋሚ ሲራቆት ቶሎ ይሞታል፤ ጋራዥ ያለው ባለሙያ «ሞልቷል» ቢልም ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት ከጭነት ጋር ለአንድ ሌሊት ይፈተሽ።

ወቅትን አለመምረጥ

የውጭ ባልደረቦች የሚመቻቸው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ትምህርት ይዘጋላቸዋል። ለወሎ ግን ያ ክረምት ነው። የአየሩ እርጥበት ሲግናሉን ያዘገየዋል፣ የዝናቡ ውኃ ክብደት መሬቱን ይጫነዋል፣ ድልድይ የሌለው መንገድም ይቆረጣል። ዋናው ነገር ግን አንዱን ዙር በክረምት፣ ሌላውን በበጋ አለማድረግ ነው፤ በውኃው ክብደት ብቻ ከፍታው በሚሊ ሜትሮች ይወጣል ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ቆቦ አካባቢ ግን ማሽላው ሳይታጨድ ከሆነ አንቴናውን ከቦ ሰማዩን ይሸፍናል። ዘንግ ላይ የተተከለ ዝቅተኛ አንቴና ማሽላ ማሳ ዳር ከሆነ ምንም አያይም።

ፀሐይ ከገባች በኋላ የምድር ወገብ አካባቢ የላይኛው አየር ይናወጣል፤ በተለይ መስከረምና መጋቢት ላይ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሪሲቨሩ ሳተላይት ሊጥልና ሊያነሣ ይችላል። ባለሁለት ፍሪኩዌንሲ ያልሆነ፣ ማለትም ከሳተላይቱ ሁለት ዓይነት ሞገድ የማይቀበል፣ መሣሪያ ለዚህ ሥራ አይታሰብም፤ ባለሁለቱም ቢሆን በአንድ ሌሊት የተቆራረጠ ዳታ ሊኖረው ስለሚችል ሦስት ቀን መቆየቱ የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ሁሉንም ነጥብ በየተራ ብቻ መዞር

እ.ኤ.አ. በ1991 ከጥር 22 እስከ የካቲት 13 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂፒኤስ ዘመቻ ዋናው ነገር ጣቢያዎቹ ሁሉ በተመሳሳይ ቀናት መመዝገባቸው ነበር፤ ዛሬ አይጂኤስ የሚባለው፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያዎችን የሚያስተባብረው አገልግሎት በ1994 ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በአዲስ አበባም አዲስ በሚል ስም የአይጂኤስ ጣቢያ አለ። በወሎ ዘመቻ ቢያንስ ሁለት ነጥቦች፣ ለምሳሌ ደሴና ወልዲያ መብራት ባለበት ግቢ፣ ዘመቻው ሲጀመር ተተክለው እስኪያበቃ ይቆዩ። ሌሎቹ ቡድኖች ሲዞሩ እነዚያ ያያይዟቸዋል። ቦታ ሲያዝ ገበያም ይታሰብ፤ ባቲ ሰኞ ሲውል መኪና ማንቀሳቀስ ከባድ ነው።

ያገሬውን ሰው ማለፍ

ከክልል እስከ ቀበሌ ያለው ደብዳቤ የግድ ነው፤ ሪሲቨሮችም በጊዜያዊነት መግባታቸው ጉምሩክ ላይ አስቀድሞ ይመዝገብ። ደብዳቤ ብቻ ግን አንቴና አይጠብቅም። ማሳ ውስጥ ባለሦስት እግር ነገር ሲቆም የመጀመሪያው ጥርጣሬ መሬቱ ሊወሰድ ነው የሚል ነው። «ልጄ፣ ይህ ነገር መሬታችንን ነው የሚለካው?» ብለው አባባ ሲጠይቁ መልሱ አጭርና እውነተኛ ይሁን፦ መሬቱ በዓመት ስንት ሚሊ እንደሚሄድ ነው፣ ማንም ወሰን አይለይም። የመንደሩ ሽማግሌ፣ ሼሁ ወይም ቄሱ ከተነገራቸው ወሬው ይረጋጋል። ጥበቃ የሚቀጠረው ከዚያው መንደር ይሁን፤ «አብሽር፣ እኔ አለሁ» ያለው ሰው ከሌላ ወረዳ ከመጣ ዘበኛ ይሻላል። ለእረኞቹም አንቴናው አጠገብ ብረትና ቆርቆሮ እንዳያቆሙ ይነገር፤ ሲግናሉ ከቆርቆሮ ተንጸባርቆ ሲመለስ ልኬቱን ያበላሸዋል።

ስምና ፋይል

ለነጥቡ ባለአራት ፊደል ስም ከመሰጠቱ በፊት ሌላ ቡድን እንዳልተጠቀመበት ይረጋገጥ። ጥሬው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ወደሚያነበው የፋይል ዓይነት፣ ወደ ሪኔክስ፣ የሚቀየረው ቅጂው ነው። በየ30 ሴኮንዱ የሚመዘግብ ጣቢያ በሙሉ ቀን 2,880 መዝገብ ይሰጣል፤ ይህን ቁጥር በየምሽቱ ማረጋገጥ ችግርን መስክ ላይ ያሳያል። ፍጥነቱ ከምን አንጻር እንደሚለካ የሚወስነው የማመሳከሪያ ሥርዓትም ለሁሉም አንድ ይሁን፦ ኑቢያ በዓለም አቀፉ ሥርዓት በዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል፤ ይህን ሳይቀንስ ካርታ ላይ የተሳለ የፍጥነት ቀስት ደጋው ሁሉ ወደ ቀይ ባሕር የሸሸ ያስመስላል።

ከሁለት ዙር ፍጥነት ማውጣት

እያንዳንዱ ዙር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስህተት ካለው፣ በሁለት ዓመት ልዩነት በተለኩ ሁለት ዙሮች የሚወጣ ፍጥነት በዓመት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሳሳታል። የወሎ ጠርዝ ራሱ ከዚያ ያነሰ ሊንቀሳቀስ ይችላል። በአምስት ዓመት ልዩነት ግን ስህተቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል፤ መሃል ላይ ሦስተኛ ዙር ሲጨመር ደግሞ የተበላሸ ዙር ካለ ራሱን ያጋልጣል፣ በሁለት ነጥብ ላይ ግን ማንኛውም መስመር ያልፋል። ለጋሹ የሁለት ዓመት ገንዘብ ብቻ ከሰጠ በመጀመሪያው ዓመት ነጥቦቹን መትከልና አንድ ጥሩ ዙር መለካት፣ የቀስት ካርታውን ደግሞ ለሦስተኛው ዙር ማቆየት ነው።