መንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ ለመሸጥ፦ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ

ለመነሻ ከ80 እስከ 120 መጽሐፍ፣ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ሸራ፣ ሸራውን የሚያክል ወፍራም ላስቲክና አራት ጠንካራ ካርቶን ይበቃል። ከባዱ ነገር የትኞቹ 80 ይሁኑ የሚለው ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የሚወደውን ልብ ወለድ ሰብስቦ ይወጣል፤ በወሩ ገንዘቡ ሸራው ላይ ተኝቶ ያገኘዋል።

ስለዚህ መጽሐፍ ሳትገዙ በፊት ለመዘርጋት ያሰባችሁበት ቦታ ላይ ከሰዓት በኋላውን ቆማችሁ ማን እንደሚያልፍ እዩ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ በር አካባቢ መዝገበ ቃላት፣ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድና የሥነ ልቦና መጽሐፍ ይሄዳል። መናኸሪያ አጠገብ ደግሞ ተሳፋሪው የሚገዛው ከኪስ የሚገባ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል 600 ገጽ አገላብጦ የሚከራከር የለም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ውዳሴ ማርያም፣ መዝሙረ ዳዊትና ድርሳን ነው። ጥሩው ሰዓት ከ10 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ማታ ነው፤ ረፋድ ላይ ጠያቂ ይበዛል እንጂ ገዢ የለም።

ሱቅ ፊት ለፊት ከሆነ አስቀድማችሁ ባለሱቁን አስፈቅዱ፤ ለቦታው ፈቃድም ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ለእግረኛ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ልቀቁ። ደንብ አስከባሪ «አንሣ» ሲል መጽሐፍ የሚቀዳደደውና የሚጠፋው በጥድፊያ ሲለቀም ነው። መድኃኒቱ መጽሐፎቹን እየነጠሉ ሸራው ላይ ከመበተን ይልቅ አፉ በተከፈተ ካርቶን ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጎ መደርደር ነው፤ አራት ካርቶን ለማንሣት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በአንድ ካርቶን ከ40 በላይ አትጨምሩ፤ ታቹ ይበረገዳል።

ዳዊትና ድርሳን መሬት ላይ አይቀመጡም። ባዶ ካርቶን ደፍታችሁ ንጹሕ ጨርቅ አልብሱና እላዩ ላይ አድርጓቸው። ተሳልሞ የሚያነሣው ሰው መጽሐፉን ከጫማ አጠገብ ካየው ሳይጠይቅ ያልፋል፤ እውነቱንም ነው። ለፍልሰታ፣ ማለት ከነሐሴ 1 እስከ 16፣ የሚሆነውን ውዳሴ ማርያም ሐምሌ አጋማሽ ላይ አስገቡ። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ የቆሎ ተማሪም ደንበኛ ነው። ብር የለውም ብላችሁ አትለፉት፤ የግእዝ ሰዋስው የሚፈልገው ለዕለት ትምህርቱ ስለሆነ ቁርጥ ሐሳብ አለው። ዋጋውን በሁለት በሦስት ጊዜ ይክፈል፤ እስኪጨርስ መጽሐፉ እናንተ ዘንድ ይቆይለት። የኔታ ወይም አባ ሲመጡ ቆሞ ማስተናገድ ነው።

ትርፍ የሚወሰነው ስትገዙ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ከምትሸጡበት ዋጋ ከሲሶ በላይ አትግዙ፤ ከሦስቱ አንዱ ቶሎ ይሄዳል፣ አንዱ ይከርማል፣ አንዱ ይበላሻል። ተመራቂ ተማሪ ሰኔ ላይ፣ የተዛወረ መምህር ነሐሴ ላይ ርካሽ ይሸጣሉ። ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን አሥር ገጾች ቁጠሩ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎድለው እሱ ነው። ቀጥሎ መሐል መሐሉን ግለጡ፤ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ሽፋኑ ውስጥ ተልጦ መሐል ገጽ ላይ ሊቀር ይችላል። ማኅተም ያለበትን፣ «አይሸጥም» የሚል የመንግሥት መማሪያንም አትንኩ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የቀድሞው መማሪያ በኪሎ እንጂ በፍሬ አይሸጥም። የኅትመት ዓመቱንም እዩ፤ ፍቅር እስከ መቃብር መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነውና የዚያ ዘመን ቅጂ ከእጃችሁ ቢገባ ከተራው አሮጌ ጋር አትደርድሩት።

በስውር የተባዛ ቅጂ ፊደሉ ግራጫ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ይደበዝዛል፣ የገጹ ኅዳግ አንዱ ወገን ይጠብባል፣ የሽፋኑም ላስቲክ በጥፍር ይላጣል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሻጩንም ይነካልና ቢረክስም ይቅርባችሁ። ብራና ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥም ደግሞ ዋጋ እንኳ አትጠይቁ። ቅርስ ለንግድ መግዛትና መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ መጽሐፉም ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሊሆን ይችላል።

ዋጋ በእርሳስ ሽፋኑ ውስጥ ጻፉ፣ በእስክሪብቶ አይሁን። «ጀርባው ላይ እኮ 18 ብር ይላል!» የሚል ደንበኛ በየቀኑ አለ። የታተመበትን ዓመት አሳዩትና ዝም በሉ፤ ክርክር አያሸጥም። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ለሚለው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ የሚቀነስ ይኑራችሁ፣ ከዚያ በታች ግን አትውረዱ፤ አንዴ የቀነሳችሁለት ሰው ጓደኞቹን በዚያው ዋጋ ይልካል። ቆሞ የሚያነብን አታባሩ፤ ሰው ያለበት ሸራ ሰው ይጠራል። ጥንድ ሆነው መጥተው አንዱ ከኋላችሁ ያለውን መጽሐፍ «አቀብለኝ» ሲል ግን ጀርባ አትስጡ። ውዱን መጽሐፍ ከጉልበታችሁ አጠገብ አኑሩ፤ ከሊስትሮውም ጋር ተስማሙና ተራ በተራ ተጠባበቁ።

ልብ ወለድ ከመሸጥ ይልቅ ማከራየት ያዋጣል። ሙሉ ዋጋውን በመያዣ ተቀበሉ፣ ቀኑንና ስልኩን ደብተር ላይ አስፍሩ፣ የተቀደደ ገጽ ካለ ተከራዩ እያየ ጻፉት። መታወቂያ በመያዣነት አትያዙ፤ ቢጠፋ ጣጣው ከመጽሐፉ ይበልጣል።

ባሕር ዳር ላይ ከሰዓት ከጣና የሚነሣው ነፋስ ቀጭን ሽፋን ይገለብጣል፤ በየረድፉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ክር ይሁን። የቀትር ፀሐይ ቀዩን ሽፋን ያነጣል፣ የጀርባውን ሙጫ ያደርቅና ገጹን ያረግፈዋል፤ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ፈልጉ። ማታ ካርቶኑን በባዶ መሬት አታሳድሩ፣ ምስጥ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ጣውላ ላይ ይሁን።

ከሰኔ እስከ መስከረም ላስቲኩ ሁልጊዜ ከወንበራችሁ ሥር ይሁን። መጽሐፍ ከረጠበ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ገጹ ይጠቀለላል። በየ20 ገጹ ነጭ ሶፍት አስገቡ፣ በየሦስት ሰዓቱ ቀይሩ፤ ጋዜጣ ቀለሙን ስለሚያትም አይሆንም። ሲጠነፍፍ በሁለት ጣውላ መካከል አድርጋችሁ ድንጋይ ጫኑበትና ሁለት ሌሊት ይደር። ከዚያም ተሸብሽቦ የቀረውን ከደኅናው ጋር አትቀላቅሉ፤ አጠገቡ ያለውን ዋጋ ያወርዳል። ለብቻው ካርቶን ይሁንና በግማሽ ዋጋ ይሂድ።