የጠጅ ቤት ዘፈን አባት ፍለጋ፦ ጎንደር ላይ የተማርኳቸው ስህተቶች

ከዓመታት በፊት ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካለ አንድ ጠጅ ቤት ተቀምጬ፣ ሁለተኛው ብርሌ ሲገባደድ ሁለት ስንኝ መጣልኝና አዝማሪውን «ተቀበል!» አልኩት።

አዘዞ ጠጥቼ ጎንደር ላይ ሰከርኩኝ፣
ማርሽ ነው መሰለኝ እኔን ያሰከረኝ።

ማርሽ አንድም ጠጁን የጣለችው ሴት ማር ነው፤ አንድም ከአዘዞ እስከ ጎንደር ድረስ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲያንገጫግጨን የመጣው የሚኒባስ ማርሽ። ትልቅ ቅኔ ነው አልልም። አዝማሪው ግን ተቀበለው፣ ሰው ሳቀ፣ እኔም ረሳሁት።

ከጊዜ በኋላ ባሕር ዳር ላይ አንድ ወጣት አዝማሪ «ደባርቅ ጠጥቼ» እያለ ሲዘፍነው ሰማሁ። ከየት እንዳገኘው ብጠይቀው «ጋሼ፣ ይቺማ የጥንት ናት፤ አያቴ ይላት ነበር» አለኝ። የዋሸኝ አይመስለኝም። እሱ ሲሰማት አርጅታ ነበር፣ በቃ። ቤቴ ገብቼ ስለ ሌሎች የመጠጥ ዘፈኖች ምንጭ በሙሉ ልብ የሞላሁትን ደብተር ገለጥኩና አብዛኛውን ሰረዝኩት። የሰረዝኩበትን ምክንያት እነሆ።

የቦታ ስምን እንደ ልደት ወረቀት መቁጠር

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ነው። ግጥሙ «ጎርጎራ» ካለ የጎርጎራ፣ «ወገራ» ካለ የወገራ ነው እንላለን። ግን እስቲ ቤቱን እንቁጠር። ከላይ ያለው ግጥም የወል ቤት ነው፤ አንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባለው ሁለት ሐረግ ይከፈላል። «አ-ዘ-ዞ» ሦስት ቀለም ነው። ደባርቅ፣ መተማ፣ ጎርጎራ፣ ወገራ፣ ደንቢያ፣ ባሕር ዳርም እንዲሁ ሦስት ሦስት ናቸው። አዝማሪው የደረሰበትን ከተማ ስም ሳያስብ ይሰካል፤ ዜማው አይነቃነቅም። ሁለት ቀለም ያላት ዳባት እንኳ «ላይ»ን ተውሳ ትገባለች። ስለዚህ የቦታ ስም የሚነግረን ዘፈኑ ያን ቀን የት እንደተዘፈነ ወይም ማንን ደስ ለማሰኘት እንደተዘፈነ ነው።

የተሻለ ምስክር የሚሆነው በቀላሉ የማይተካ ቃል ነው። ኮረፌን እንውሰድ። ጎንደር ዙሪያ ከገብስና ከጌሾ የሚጠመቅ መጠጥ ነው፤ ሸዋ ላይ ስሙን ብትጠራ ብዙው ሰው ምን እንደሆነ ይጠይቅሃል። እንዲህ ያለ ግጥም ወደ ደቡብ ሲወርድ ኮረፌ ወጥቶ ጠላ ይገባል። ታዲያ ኮረፌ ሦስት ቀለም፣ ጠላ ሁለት ነው፤ ጉድለቱን ለመሙላት «ጠላውን»፣ «ጠላዬ» የሚል ጭማሪ ይመጣል። የአንድ ግጥም ሁለት ልዩነት (ማለት ሁለት የተለያየ አባባሉን) አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠህ አንዱ ቤቱን ሳይጨነቅ ሲሞላ፣ ሌላው ደግሞ በማይፈለግ «ውን» ሲደገፍ ካየህ፣ የተደገፈው የኋላው መሆኑን መጠርጠር ትችላለህ። እኔ ከየትኛውም ሽማግሌ ትረካ ይልቅ ይህችን ሙሌት አምናለሁ።

ንጉሥ ስለተጠራ በንጉሡ ዘመን ተገጠመ ማለት

ጎንደር ላይ ይህ ስህተት ይጣፍጣል። ግንቡ እፊት ለፊትህ ቆሞ፣ አዝማሪው «ፋሲል» ሲል፣ ጠጁም ሲያግዝ፣ ዘፈኑ ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. በነገሠው ንጉሥ አዳራሽ የተሰማ ይመስልሃል። ፋሲል ግን ዛሬም የግንብ ስም፣ የጥምቀተ ባሕር ስም፣ የእግር ኳስ ቡድን ስም ነው። ቴዎድሮስም በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ ካረፈ በኋላ መገጠሚያነቱ አላበቃም፤ እንዲያውም ከሞተ በኋላ ሳይበዛ አልቀረም።

በተቃራኒው አዲስ ቃል ያየ ሁሉ ግጥሙን አዲስ ነው ብሎ መጣልም አያዋጣም። «ማርሽ» ከመኪና ጋር የገባ ቃል ስለሆነ የእኔ ቀልድ ከመኪና በፊት ሊኖር አይችልም። ይሁንና ከመኪና በፊትም «ማርሽ ነው መሰለኝ» ብሎ ማሩን ብቻ ያሞገሰ ጠጪ ሊኖር ይችል ነበር። የሰሙና የወርቁ ዕድሜ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

የዘፈነውን ደራሲ ማድረግ

«ተቀበል» የሚለውን ልማድ የዘነጋ ሰብሳቢ አዝማሪ ቤት የገባ አይመስለኝም። እንግዳው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል፣ አንዳንዴም ሲደግመው ያሻሽለዋል። ስለዚህ በቅጂህ ላይ ያለው ሃያ ስንኝ የአሥር ሰው ሊሆን ይችላል፦ የሾፌር፣ የነጋዴ፣ በፍቅር የተጎዳ አስተማሪ። ስትቀዳ ከስንኙ በፊት «ተቀበል» የሚለው ድምፅ ከየት ወገን እንደመጣ ጻፍ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጫጫታ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ባለቤቱ ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው።

የአዝማሪን የዘር ሐረግም አትርሳ። ከጎንደር ብዙ ከማትርቀው ቡርቧክስ የወጡ አዝማሪዎች በየከተማው አሉ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ላይ የሰማሃቸው «ሁለት የተለያዩ ምስክሮች» የአንድ አጎት ተማሪዎች ሆነው ቢገኙ ምስክርህ አንድ ብቻ ነው። የት እንደሚዘፍን ከመጠየቅህ በፊት ከማን እንደተማረ ጠይቅ።

ግጥም፣ አዝማችና ዜማ አብረው የተወለዱ ይመስል መያዝ

በአጭሩ፣ ሦስቱም በየፊናቸው ይጓዛሉ። አንዱ ግጥም ዛሬ በትዝታ፣ ነገ በባቲ ወይም በአምባሰል ቅኝት ይዘፈናል። አንቺ ሆዬ ላይ የሰማኸውን ሌላ ዘፈን ነው ብለህ ከመመዝገብህ በፊት ቃሉን ቁጠር። በተለይ «ትዝታ ነው» ሲሉህ ቅኝቱን ይሁን ዘፈኑን ለይተህ ጠይቅ፤ ስሙ የሁለቱም ነው።

በጆሮ የተገጠመን በፊደል ብቻ ማስቀረት

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ የመጠጥ ግጥም ደግሞ ግማሽ ቀልዱ እዚያ ላይ ነው። «ይጠጣል» ብለህ ጻፍክ እንበል። የመጀመሪያው «ጠ» ከላላ ጠጪው ሰውዬው ነው፤ ከጠበቀ ግን የሚጠጣው ጠጁ ነው፤ ወይም አዝማሪው ክፉ ከሆነ ሰውዬው ራሱ። «አለ»ም እንደዚሁ፦ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ። ወረቀት ላይ አንድ የሚመስሉህ ሁለት ቅጂዎች ጆሮ ላይ ሁለት ልዩነት ናቸው። በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርግ፣ ድምፁንም አታጥፋ።

ግጥሙን አጥቦ ማቅረብ

ነውር የሆነውን ስንኝ ማውጣት፣ የገጠሩን አነጋገር «ማረም»። እኔም አድርጌዋለሁ፤ እናቴ ታነበዋለች ብዬ። አሁን ሁለት ልዩነቶችን ሳወዳድር የጎደለው ስንኝ አዝማሪው የተወው ይሁን እኔ የሰረዝኩት አላውቅም። ለሕዝብ የምታወጣው ሌላ፣ ለራስህ የምታስቀምጠው ሌላ ይሁን።

ጠጅ ቤት ብቻ መፈለግ

ጠጅ ቤት ዘፈኑ የሚያድርበት ነው፤ ሁልጊዜ የተወለደበት ግን አይደለም። ሴቶች ወፍጮ ላይ የሚያንጎራጉሩት፣ ሠርግ ላይ የሚወጣው፣ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ የሚዞሩት ላሊበሎች የሚሉት ስንኝ ማታ ብርሌ አጠገብ ይገኛል። ላሊበላን አዝማሪ ብሎ መመዝገብም ሌላ ጥፋት ነው፤ አመጣጣቸውም ሰዓታቸውም ይለያያል። የዛር ቤትም አለ። ፈረንሳዊው የባህል አጥኚ ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ከማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ለወራት ሲቆይ ትኩረቱን የሳበው ጠጅ ቤት ሳይሆን የዛር ቤት ነበር። እዚያም ይዘፈናል።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ የመጀመሪያው ዘፈን ማድረግ

ጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ጉይዲ በ1894 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የአማርኛ ምሳሌዎች፣ ግጥሞችና ተረቶች አሳትሟል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርተዋል። አንድ ስንኝ እንዲህ ባለ ቦታ ብታገኝ «ከዚህ ወዲህ የመጣ አይደለም» ማለት ትችላለህ እንጂ «እዚህ ተጀመረ» አትልም።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይም ስንቱን አሳስቷል። ካሴት ላይ 1975፣ የውጭ አገር ቤተ መዛግብት ቅጂ ላይ ደግሞ 1980 ተጽፏል እንበል። ካሴቱ የሚቀድም ይመስላል። ካሴቱ ግን በዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ 1982 ወይም 1983 መሆኑ ነው። ልጁ አባቱን የወለደበት የዘፈን የዘር ሐረግ አይቻለሁ፤ አንዱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ራስን ከቅጂው አለመቀነስ

አዝማሪ መቅጃ የያዘ እንግዳ ሲያይ ለእንግዳው ይዘፍናል፤ ሥራው ነው። ደብተሬ ውስጥ «ልዩነት 4» ብዬ፣ «በሌላ ቦታ ያልተገኘ፣ ብርቅ» የሚል ማስታወሻ ጨምሬ የመዘገብኩት ስንኝ ነበረ። ከርሞ ቅጂውን ደግሜ ሳዳምጥ የሚሞገሰው ባለ መነጽሩ ሩቅ አገር ተጓዥ እኔ ነኝ። ስንኙ ሲያልቅ የሚሰማው ሳቅም የእኔ ነው፤ ግንባሩ ላይ ብር ስለጥፍ።