ከቱቦ በተቆረጠ 65 ዘንግ ግቢ ውስጥ ጉልላት እንዴት ይሠራል?

ጉልላት ሲባል አብዛኛው ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ነው። እሱ የግንበኛ ሥራ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን። እዚህ የማሳያችሁ ከሦስት ማዕዘኖች የሚገጣጠመውን፣ ጂኦዴሲክ የሚባለውን ነው። ብረት መቁረጥና መብሳት የምትችሉ ከሆነ ከሁለት ጓደኛ ጋር ሆናችሁ ታቆሙታላችሁ። ለችግኝ ቤት፣ ለልጆች መጫወቻ፣ ለግቢ ጥላ አሪፍ ነው። ለመኖሪያ ግን አልመክርም። መገጣጠሚያው ብዙ ስለሆነ ዝናብ መግቢያ አያጣም፣ ቁም ሳጥን የምታስጠጉበት ቀጥ ያለ ግድግዳም የለውም።

ይህን አሠራር በዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው በክሚንስተር ፉለር ነው፣ የፈጠራ መብቱንም በ1954 እ.ኤ.አ. አስመዝግቧል። ከእሱ በፊት ጀርመናዊው ዋልተር ባወርስፌልድ የና ከተማ ውስጥ ለፕላኔታሪየም (ከዋክብት በጣሪያው ላይ ለሚታዩበት አዳራሽ) ተመሳሳዩን ሠርቶ ነበር፤ ዝናውን ግን ፉለር ወሰደው፣ ምን ይደረግ። የጥንካሬው ምስጢር ሦስት ማዕዘኑ ነው። አራት ዘንግ በአራት ማዕዘን አስራችሁ ጥጉን ብትገፉት ይጋደማል። ሦስት ማዕዘን ግን ዘንጉ ካልታጠፈ ወይም ካልተሰበረ ቅርጹን አይለቅም።

ወደ ልኩ እንሂድ። ሁሉም ነገር የሚወጣው ከአንድ ቁጥር ነው፣ እሱም ከመሃል እስከ ዳር ያለው ርቀት። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ዓይነት ዘንግ ብቻ ነው። ረጅሙን ለማግኘት ያንን ርቀት በ0.618 አባዙ፣ ከእሱ 35 ፍሬ ትቆርጣላችሁ። አጭሩን ለማግኘት በ0.5465 አባዙ፣ እሱ ደግሞ 30 ፍሬ ነው። ለምሳሌ ርቀቱን 2 ሜትር ብናደርገው ረጅሙ 123.6፣ አጭሩ 109.3 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። መሃሉ ላይ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወለሉ ወደ 12 ካሬ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ይህ ልክ ከብሎን ቀዳዳ እስከ ብሎን ቀዳዳ እንጂ የቱቦው ሙሉ ርዝመት አይደለም። በየጫፉ 2.5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ስለሚያስፈልግ የምትቆርጡት 128.6 እና 114.3 ነው። ከአንድ የ6 ሜትር ክብ ቱቦላሬ 4 ረጅም ወይም 5 አጭር ይወጣል። ስለዚህ 9 ቱቦ ለረጅሙ፣ 6 ለአጭሩ፣ በጠቅላላው 15 ቱቦ ትገዛላችሁ፣ አንድ ረጅም ዘንግም መለዋወጫ ይተርፋችኋል። የቱቦው ውፍረት ከዳር እስከ ዳር 20 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ብረቱን ከመንካታችሁ በፊት ግን በስትሮ እና በክር ትንሿን ሥሩ፣ 12.4 እና 10.9 ሳንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፣ አትዝለሉት። የአገጣጠሙ ቅደም ተከተል እጃችሁ ላይ የሚገባው ያኔ ነው።

ቆረጣው ላይ ቸኮላችሁ ማለት ጣሪያው ላይ ትከፍላላችሁ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ በደንብ ለክታችሁ ቁረጡና እነሱን ናሙና አድርጉ፣ ሌላውን ሁሉ በእነሱ ላይ አስተኝታችሁ ምልክት አድርጉ። አሁን የቆረጣችሁትን ለቀጣዩ መለኪያ አታድርጉ። ግማሽ ሚሊ ሜትር በግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ እየተደመረ ሠላሳኛው ላይ ሌላ ዘንግ ይሆናል። ቆርጣችሁ እንደጨረሳችሁ ረጅሙን ቀይ፣ አጭሩን ሰማያዊ ቀለም ቀቡ።

ቀጥሎ ጫፎቹን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በሞርሳ ወይም በመዶሻ ጠፍጥፉ። ሁለቱ ጫፎች በአንድ አቅጣጫ የተጠፈጠፉ መሆን አለባቸው፣ አንዱ ተጋድሞ ሌላው ከቆመ ያ ዘንግ አይገጥምም። ከጫፉ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በ9 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሱት፣ ብሎኑ ግን 8 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ርዝመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም አንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ስድስት ጫፍ ይደራረባል። 26 ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው ይበቃል። ከዚያ የጠፈጠፋችሁትን ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፉ፤ ረጅሙን 18፣ አጭሩን 16 ዲግሪ ያህል። ትንሽ ብትሳሳቱ ብሎኑ ሲጠብቅ ራሱ ያስተካክለዋል። ጠፍጣፋው ላይ ዝገት ቶሎ ስለሚጀምር አንቲረስት ቀቡት።

መሬቱን በውሃ ልክ አስተካክላችሁ መሃሉ ላይ ችካል ምቱ፣ በ2 ሜትር ገመድ ክብ አስምሩ። አሁን አንድ ረጅም ዘንግ ያዙና በቀዳዳዎቹ እየለካችሁ ክቡን ዙሩት። አሥረኛው ልክ የጀመራችሁበት ነጥብ ላይ ያርፋል። ካላረፈ ወይ ክቡ ወይ ዘንጉ ተሳስቷል፣ አስተካክላችሁ ነው ወደፊት መሄድ።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። አሥሩን ረጅም በክቡ ላይ ጫፍ ለጫፍ አያይዙ። አንዱ የመሠረት ዘንግ ላይ ሁለት አጭር በሦስት ማዕዘን አቁሙ፣ ቀጥሎ ባለው ላይ ሁለት ረጅም፣ እንደገና ሁለት አጭር፣ እያፈራረቃችሁ ዙሩን ጨርሱ። ከታች እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ወደ ላይ መነሳት አለባቸው፤ ሁለት ሰማያዊ ጎን ለጎን ካያችሁ ተሳስታችኋል። ከዚያ አሥሩን አናት በአሥር አጭር አገናኙ። የረጅሞቹ አናት ከአጭሮቹ በ16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚበልጥ ቀለበቱ ወጣ ገባ ይላል። አትደንግጡ፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት።

ቀጥሎ ሁለት አጭር ከተገናኙበት አናት አንድ አጭር ወደ ላይ፣ ሁለት ረጅም ከተገናኙበት ደግሞ ሁለት ረጅም ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንሱ። አንድ አጭርና ከሁለት ጎን የመጡ ሁለት ረጅሞች እየተገናኙ አምስት አዲስ አናት ይፈጥራሉ። እነሱን በአምስት ረጅም አያይዟቸው። በእጃችሁ አምስት አጭር ይቀራል፣ እሱ የጣሪያው ነው። የመጨረሻው ዘንግ እስኪገባ ድረስ አንድም ብሎን አታጥብቁ። አምስቱ ዘንጎች ጣሪያ ላይ የሚገናኙት ሌላው ሁሉ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ከዚያ ከታች ጀምራችሁ አጥብቁ።

ልብሱ የሚያናድደው ክፍል ነው። ባለ 7 በ7 ሜትር አንድ ወጥ ላስቲክ ይሸፍነዋል፣ ግን 49 ካሬ ገዝታችሁ የምትሸፍኑት ወደ 23 ካሬ ነው፣ ግማሹ እጥፋት ይሆናል። ቆርጦ በየሦስት ማዕዘኑ መስፋት ላስቲክ ይቆጥባል፣ ጊዜ ይበላል። እኔ ብሆን አንድ ወጥ የሆነውን እመርጣለሁ። ለችግኝ ከሆነ የጣሪያውን አምስት ሦስት ማዕዘን ተከፋች አድርጉት፣ አለበለዚያ ቀትር ላይ ውስጡ ይፈላል። ላስቲኩ ከለበሰ በኋላ ብየዳ የሚባል ነገር አይታሰብ። በካናዳዋ ሞንትሪያል ለ1967 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን (ኤክስፖ) በፉለር ንድፍ የተሠራው፣ ወርዱ 76 ሜትር የሆነው ጉልላት በ1976 እ.ኤ.አ. ጥገና ላይ ሳለ እሳት ተነስቶበት የፕላስቲክ ልብሱ ነዷል፣ የተረፈው ብረቱ ነው።

በሩ ዝቅ ይላል። ትልቁ የታችኛው ሦስት ማዕዘን 105 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሙሉውን ጉልላት በ60 ሳንቲ ሜትር የብሎኬት ግንብ ላይ አስቀምጡ፣ በሩ ጋ ግንቡን ክፍት ተዉት። በዚያ በኩል ያለውን የመሠረት ዘንግ የምታወጡት ግራና ቀኙ ግንቡ ላይ በብረት ከታሰረ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ጎንበስ ብላችሁ ትገባላችሁ።

በቱቦ ፋንታ ቀርከሃ የምትጠቀሙ ካላችሁ እግሩን አፈር አታስነኩ። ዶርዜዎች በቀርከሃ የሚሸምኑት ረጅም ቤት እንኳን ታችኛውን ምስጥ ሲበላው እየተቆረጠ ዓመት በዓመት ያጥራል። በመጨረሻ፣ ግንብ ላይ ያልታሰረው ጉልላት ቀላል ስለሆነ ነፋስ ያነሳዋል። በአሥሩም የመሠረት መገጣጠሚያ ላይ ጫፉ የታጠፈ የ60 ሳንቲ ሜትር ፌሮ ሰያፍ አድርጋችሁ መሬት ውስጥ ምቱ፣ ላስቲኩን ከማልበሳችሁ በፊት።