ከደሴ ሳይወጡ የግሪክና የሮም ቅርስ ማየት

ኒውዮርክ የሚያደርስ ብርም ቪዛም የለኝም። የሜትሮፖሊታን ሙዚየምን የግሪክ፣ የኤትሩስካን (ከሮም በፊት ጣሊያን ውስጥ የገነነ ሕዝብ) እና የሮም ስብስብ ግን ደሴ ፒያሳ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው። ከ30,000 በላይ ዕቃ አለው። ሁሉንም ልይ ካላችሁ ዓይናችሁም ካርዳችሁም ያልቃል፤ ስለዚህ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

የሙዚየሙን ድረ ገጽ ክፈቱና «ግሪክ ኤንድ ሮማን አርት» የሚለውን ክፍል ምረጡ። «ኦፕን አክሰስ» የሚለውንም ንኩ። በፈረንጅ ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ፎቶዎች በነፃ ለቀዋል፤ አውርዳችሁ ለፈለጋችሁት ብትጠቀሙበት ማንም አይጠይቃችሁም። ፎቶዎቹ ከባድ ስለሆኑ ዋይፋይ ያለበት ብታወርዷቸው ይሻላል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አብሽሩ፣ ስልኩ ራሱ ይተረጉመዋል። አንዳንዴ ያስቃል እንጂ ሐሳቡ ይገባል።

በሐውልት አትጀምሩ። በሸክላ ጀምሩ፣ ሸክላ እኛ እናውቃለን። አንድ ቀን «ሃይድሪያ» የሚባለውን የውኃ ዕቃ አጉልቼ ሳይ እናቴ ከኋላዬ መጥታ «ይሄማ እንስራ ነው፣ ሦስት ጆሮ አድርገውለት!» አለች። ልክ ናት። ሁለቱ አግድም ጆሮዎች ለማንሳት ናቸው፣ ከጀርባ ያለው ቀጥ ያለው ደግሞ ለመቅዳት።

ከዚያ ቀለሙን እዩ። በቀይ መደብ ላይ ጥቁር ሥዕል ከሆነ የቀደመው ስልት ነው። በጥቁር መደብ ላይ ቀይ ሥዕል ከሆነ ግን አቴንስ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ገደማ የተጀመረው ነው። ጥቁሩ ቀለም እንዳይመስላችሁ፤ ያው ጭቃ ነው፣ በጣም ልሞ ቀጥኖ የተቀባ፣ እሳቱ ላይ መጀመሪያ አየር ሰጥተው፣ ቀጥሎ አፍነው፣ መጨረሻ ላይ መልሰው አየር ሲሰጡት እሱ ብቻ ጠቁሮ የሚቀር። የኤትሩስካኖቹ «ቡኬሮ» የሚባል ሸክላ ደግሞ ከነገላው ጥቁር ነው፣ ከጀበናችን ጎን ቢቀመጥ የሚያፍር አይመስለኝም።

የሮም እብነ በረድ ሐውልት ስታዩ እግሩ ሥር ጉቶ ካለ አትለፉት። ብዙዎቹ ከግሪክ የነሐስ ሐውልቶች የተቀዱ ናቸው፤ ነሐሱ ብቻውን ይቆማል፣ ድንጋዩ ግን ደጋፊ ካላገኘ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይሰበራል።

አሁን መፈለጊያው ላይ 03.23.1 ብላችሁ ጻፉ። የኤትሩስካን ሠረገላ ነው፣ በነሐስና በዝሆን ጥርስ የተሠራ፣ በ1902 ጣሊያን ውስጥ ከመቃብር የወጣ። ፊት ለፊቱን አጉሉት። የትሮይ ጦርነት ጀግና ለሆነው ለአኪሊስ እናቱ ቴቲስ የራስ ቁርና ወገቡ ቀጠን ያለ ጋሻ ስትሰጠው ታያላችሁ፤ ጋሻው ላይ ሁለት ፊት አለ፣ አንዱ የአውሬ። ግራ ጎኑ ላይ የሚፋለሙት አኪሊስና ሜምኖን ናቸው ይባላል። ሜምኖን ማለት ግሪኮቹ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚሉት ነው። ያኔ ስሙ ሰፊ ነበር፣ ወሎን ማለታቸው አይደለም፣ ግን ደስ ይላል።

ቁጥሩንም ልብ በሉ። 03 ማለት ሙዚየሙ ዕቃውን ያገኘው በ1903 ነው (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትሳሳቱ)። ከገጹ ታች «ፕሮቬናንስ» የሚል አለ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደ የሚናገር። ብዙ ሰው አያነበውም፤ ለኔ ግን ከሥዕሉ እኩል ነው። ይኸው ሙዚየም በ1972 የግሪካዊውን ሸክላ ሠዓሊ የዩፍሮኒዮስን የወይን ማደባለቂያ ሸክላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዕቃው ሮም አቅራቢያ ካለ የኤትሩስካን መቃብር ተዘርፎ የወጣ ሆኖ ተገኘና በ2008 ጣሊያን ተመለሰ።

ለንደን ያለው የብሪቲሽ ሙዚየምም ቁጥር በዓመት ይጀምራል። የፓርቴኖን (የአቴንሱ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ) ቅርጾች 1816 ይላሉ፣ ከአቴንስ ካስወሰዳቸው እንግሊዛዊ አምባሳደር ከሎርድ ኤልጂን የተገዙበት ዓመት ነው። እዚያው ገጽ ላይ እያላችሁ መቅደላን በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ፣ በ«ኬ» ሳይሆን በ«ኪው» ጻፉት። ከናፒየር ጦር ጋር ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የሙዚየሙ ሠራተኛ አብሮ መጥቶ ነበር። ከዚያ ቁጥሮቹን እዩ። 1868። በኛ 1860 ነው፣ ሚያዝያ።