ለአንድ ሴሚስተር ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ኮርስ እንዴት እንደሚመረጥ

የሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ የኮርስ ካታሎግ ሲገለጥ የገበያ ቀን ይመስላል። የባሕር ሕግ አለ፣ የከዋክብት ፊዚክስ አለ፣ የመካከለኛው ዘመን ሙዚቃ አለ። ተማሪው ደስ ብሎት ይመርጣል፣ ይመዘገባል፣ ይማራል፤ ተመልሶ ወደ ሬጅስትራር ሲሄድ ግን ግማሹ ኮርስ እንደማይያዝለት ይነገረዋል። ጥፋቱ የካታሎጉ አይደለም። ካታሎግ የሚናገረው ዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚያስተምር ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ሁለት ጠበብ ያሉ ዝርዝሮች አሉ፦ አንዱ ለእንግዳ ተማሪ የተፈቀዱ ኮርሶች፣ ሌላው የራስዎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ዲግሪዎ የሚቆጥርልዎ ኮርሶች። የሚመረጠው በሦስቱም ላይ የተገኘው ነው፤ ፍለጋው ደግሞ ከመጨረሻው ዝርዝር ይጀምራል።

እዚህ የምናወራው አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት ውጭ ተምሮ ዲግሪውን በራሱ ዩኒቨርሲቲ ስለሚጨርስ ተማሪ ነው። ሙሉ ዲግሪ ለመሥራት የሚሄድ ሰው ኮርሱን በአብዛኛው ትምህርት ክፍሉ ይወስንለታል። የአንድ ዓመቱ ልማድ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የአሜሪካው ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ስምንት ተማሪዎችን ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ሲልክ፣ እዚያ የተማሩት ወደ ዲግሪያቸው እንዲቆጠርላቸው አድርጎ ነበር። ይህ መቆጠር ባይኖር ኖሮ ጉዞው ሽርሽር ሆኖ በቀረ።

አንደኛ፦ ከራስዎ ትምህርት ክፍል ይነሱ

ለመመረቅ የቀሩዎትን ኮርሶች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉና በሦስት ይክፈሏቸው፦ ግዴታ የሆኑ፣ ከትምህርት ክፍሉ የሚመረጡ፣ ከየትም ሊወሰዱ የሚችሉ። ግዴታ ከሆኑት መካከል ለቀጣዩ ዓመት ኮርስ መሠረት የሚሆኑትን ባይወስዷቸው ይሻላል። ውጭ የተማሩት ይዘት ትንሽ እንኳ ቢለይ ክፍተቱ ሲመለሱ ይከተልዎታል። ለውጭ ሴሚስተር ምቹ የሆኑት የምርጫ ኮርሶች ናቸው። ለዚህም ነው ጉዞውን አስቀድሞ የሚያቅድ ተማሪ የምርጫ ኮርሶቹን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሟጦ የማይጨርሰው።

ከዚያ ወደ አማካሪዎ ይሂዱና ሁለት ነገር ይጠይቁ። የውጭው ኮርስ የሚተካው ስሙ የተጠቀሰ አንድ ኮርስን ነው ወይስ ክሬዲቱ በጥቅሉ ይያዛል? የሚያገኙት ውጤትስ በጂፒኤ ውስጥ ይገባል ወይስ “አለፈ” ተብሎ ብቻ ይመዘገባል? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የምርጫውን መልክ ይለውጣል። ውጤቱ ጂፒኤ ውስጥ የማይገባ ከሆነ እስከ ዛሬ የፈሩትን ከባድ ኮርስ ለመሞከር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም። የሚገባ ከሆነ ግን በማያውቁት ቋንቋና በማያውቁት የፈተና ዓይነት ጀግንነት ለማሳየት አይቸኩሉ።

ሁለተኛ፦ የትኛው በር እንደተከፈተልዎ ይወቁ

በልውውጥ ስምምነት የሚሄድ ተማሪ ስምምነቱ በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ይሁን ወይስ በሁለት ትምህርት ክፍሎች መካከል ማወቅ አለበት። በአውሮፓው የኢራስመስ ፕሮግራም ስምምነቶች ብዙ ጊዜ በትምህርት ዘርፍ ተለይተው ይፈረማሉ። ስለዚህ በምህንድስና ስም የሄደ ተማሪ የንግድ ሥራ ፋኩልቲ ኮርስ ሲጠይቅ በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና፣ ሳይኮሎጂ፣ የአርክቴክቸር ስቱዲዮና ሕግ በብዙ ቦታ ቦታቸው የተቆጠረ ነው፤ እንግዳ ከመጣ የሚቀመጠው የአገሬው ተማሪ ሞልቶ ሲተርፍ ነው።

አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለልውውጥ ተማሪ የተፈቀዱትን ኮርሶች ለብቻ ያወጣሉ። ዋናውን ካታሎግ ትተው ያንን ይያዙ። ዝርዝሩ ከሌለ ለዓለም አቀፍ ጉዳዮች ቢሮ ይጻፉ፤ ደብዳቤው ውስጥ የኮርሶቹን ኮድ ዘርዝረው “እነዚህ ለእኔ ክፍት ናቸው?” ብለው ይጠይቁ። “ምን ምን ኮርስ አላችሁ?” ብሎ የጻፈ ሰው የካታሎጉ አድራሻ ተልኮለት ወደ ጀመረበት ይመለሳል።

ሦስተኛ፦ የኮርሱን ገጽ እስከ ታች ያንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜዎን አይቆጥቡ። የኮርስ ስም ከሁሉ ያነሰ መረጃ የያዘው መስመር ነው፤ ቁም ነገሩ ከሥሩ ባሉት ትንንሽ መስመሮች ውስጥ ነው።

በኮዱ ይጀምሩ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከ100 እስከ 400 ያለው ቁጥር በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ 100 መግቢያ፣ 400 የመጨረሻ ዓመት፣ ከ500 በላይ የድኅረ ምረቃ። በእንግሊዝ ደግሞ ከደረጃ 4 እስከ 6 የመጀመሪያ ዲግሪ ሦስት ዓመታት ሲሆኑ 7 የማስተርስ ነው። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ የመግቢያ ኮርስ ይዞ ቢመለስ ትምህርት ክፍሉ “ይህንን እኮ ተምረኸዋል” ብሎ የመጣል መብት አለው።

ቀጥሎ የማስተማሪያ ቋንቋ። ገጹ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲ የኮርስ ስሞችን ለእንግዳ ብሎ ያስተረጉምና ትምህርቱን በአገሩ ቋንቋ ይሰጣል። በአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ ከኤ1 እስከ ሲ2 ባሉ ስድስት ደረጃዎች ይለካል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስ በብዛት የሚጠየቀው ቢ2 ነው። በቢ1 የሚገኝ ሰው ገበያ ወጥቶ ዕቃ ይገዛል፤ የሁለት ሰዓት ሌክቸር ግን ያደክመዋል።

ቅድመ ኮርስም አለ። “ስታቲስቲክስ ሁለት” የሚል ስም ካዩ የእርስዎ “ስታቲስቲክስ አንድ” የእነርሱን ይሸፍን እንደሆነ በርዕስ በርዕስ ያመሳክሩ። ስም ተመሳስሎ ይዘት የሚለያይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ኮርሱ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥም ይፈትሹ። እኔ አንድ ጊዜ ስሙ ብቻ ያስደሰተኝን ኮርስ አስፈርሜ፣ ቲኬት ቆርጬ፣ በመጀመሪያው ቀን ከተቆለፈ ክፍል ፊት ለፊት ቆሜአለሁ። ኮርሱ የሚሰጠው በሁለት ዓመት አንዴ ነበር፤ ገጹ ላይም ተጽፎ ነበር። እርስዎ በሚያመለክቱበት ወቅት የሚያዩት ካታሎግ ብዙውን ጊዜ ያለፈው ዓመት መሆኑን አይርሱ።

የትምህርት ዘመኑም ከአገር አገር ይለያያል። በጃፓን ዓመቱ በሚያዝያ አካባቢ ይከፈታል፤ በአውስትራሊያ የመጀመሪያው ሴሚስተር በየካቲት መጨረሻ ገደማ፣ ሁለተኛው በሐምሌ ይጀምራል። በጀርመን የብርዱ ወቅት ሴሚስተር ትምህርት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ዘልቆ ፈተናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በእንግሊዝም የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ከገና በኋላ በጥር የሚሆንበት ጊዜ አለ። የእርስዎ ሁለተኛ ሴሚስተር የሚከፈተው በዚያው ወቅት ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ቦታ መገኘት አለበት። ስለዚህ የፈተናውን ቀን ከኮርሱ እኩል ይመዝኑት፤ ከመሄድዎ በፊት በጽሑፍ ሥራ የሚገመገም ኮርስ ወይም ለእንግዳ ተማሪ ቀደም ብሎ የሚሰጥ ፈተና ካለ ይጠይቁ።

የምዘናው ዓይነትም የአገር ጠባይ አለው። በጣሊያን ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ በቃል መፈተን የተለመደ ነው። በፈረንሳይ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው ሌክቸር በትንንሽ ቡድን ከሚሠራበት የመልመጃ ክፍለ ጊዜ ጋር ይጣመራል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። ሴሚስተሩን ሙሉ በአንድ የመጨረሻ ፈተና ላይ የሚጥል ኮርስም ታገኛላችሁ፣ በየሳምንቱ የቤት ሥራ የሚጠይቅም። ራስዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

አራተኛ፦ ክሬዲቱን ያስሉ

የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ፣ በአጠራሩ ኢሲቲኤስ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከኢራስመስ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። የሙሉ ዓመት ትምህርት 60፣ የአንድ ሴሚስተር 30 ይቆጠራል፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራን ይወክላል። ይህ ሰዓት ክፍል ውስጥ የተቀመጡበትን ብቻ ሳይሆን ቤት ያነበቡበትንም ይጨምራል። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ዓመቱን በ120 ይቆጥሩታል፤ ሁለት የእነርሱ አንድ የአውሮፓ ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ አንድ ሴሚስተር ብዙውን ጊዜ 15 ክሬዲት ሰዓት ሲሆን በልማድ አንዱ ወደ ሁለት የአውሮፓ ክሬዲት ይመነዘራል።

እንግዲህ የራስዎ ዩኒቨርሲቲ 15 የአሜሪካ ክሬዲት የሚያህል ሥራ ከጠየቀዎት፣ በአውሮፓ 30፣ በእንግሊዝ 60 መሙላት አለብዎት። ስልሳው ባለ 20 ሦስት ኮርስ ወይም ባለ 15 አራት ኮርስ ነው። “አምስት ኮርስ ተማርኩ” ማለት በራሱ ምንም አይናገርም። በስዊድን በብዙ ዘርፎች ባለ 7.5 ክሬዲት ኮርሶች እየተከታተሉ ይሰጣሉ፤ ተማሪው አንዱን በአምስት ሳምንት ገደማ ጨርሶ ወደ ሌላው ይሻገራል። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ሳምንት መታመም ግን የኮርሱን አምስተኛ ይወስዳል።

ቪዛም በክሬዲት ቁጥር ይታሰራል። በአሜሪካ በኤፍ-1 ቪዛ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ይጠበቅበታል፤ ከዚህ ውስጥ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ትምህርት የሚቆጠርለት አንድ ኮርስ ወይም ሦስት ክሬዲት ነው። በትክክል 12 ይዞ የገባ ሰው አንድ ኮርስ ሲከብደው መጣል አይችልም። ስለዚህ ትንሽ ትርፍ ይያዙ።

አምስተኛ፦ ዝርዝሩን እጥፍ ያድርጉት

አራት ኮርስ የሚወስዱ ከሆነ ስምንት ያስፈቅዱ። ኮርስ ይሰረዛል፣ ይሞላል፣ የሁለቱ ሰዓት አንድ ላይ ይወድቃል፤ ሁለት ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደግሞ በመካከላቸው የሚፈጀው መንገድ ሳይቀር ፕሮግራሙን ያፈርሰዋል።

ስለ ስብጥሩ የግሌ አስተያየት ይህ ነው። ሦስቱን ለዲግሪዎ ይስጡ፤ አራተኛውን ግን እዚያ ብቻ ለሚገኝ ነገር ይተዉት። በኔዘርላንድስ የውኃ ምሕንድስና፣ በጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት፣ በጣሊያን የቅርስ ጥገና፤ እነዚህን በራሳቸው አገር መማር መጽሐፍ ከማንበብ የተለየ ነው፣ ምክንያቱም ላብራቶሪው ከመስኮቱ ውጭ ነው። ሌላ አገር ሄዶ ቤቱ የነበረውን አንድ ዓይነት የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ብቻ ይዞ የሚመለስ ተማሪ ያሳዝነኛል። የአገሩ ቋንቋ ኮርስ ክሬዲት ካለው ደግሞ ሳያመነቱ ይግቡበት።

ስድስተኛ፦ ከመነሳትዎ በፊት ፊርማ ይያዙ

አማካሪ በቃል “ችግር የለውም” ካለ ችግር አለው ማለት ነው። ሲመለሱ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ሊጠብቅዎት ይችላል። በኢራስመስ የትምህርት ስምምነት የሚባል ሰነድ አለ፤ ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ይፈርሙበታል፤ በአንድ በኩል ውጭ የሚወሰዱት ኮርሶች፣ በሌላው የሚተኳቸው ይጻፋሉ። ከዚህ ፕሮግራም ውጭ የሚሄዱ ከሆነም ተመሳሳይ ባለ ሁለት ዓምድ ወረቀት ራስዎ አዘጋጅተው ያስፈርሙ።

ለማስፈረም ሲሄዱ የየኮርሱን ሲላበስ ያያይዙ፦ የሳምንት ርዕሶች፣ የንባብ ዝርዝር፣ የክፍል ሰዓት፣ የምዘና ክፍፍል። ትምህርት ክፍሉ “ከእኛ ኮርስ ጋር አንድ አይደለም” ካለ እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የሊዝቦን የእውቅና ስምምነት የተነሳበትን ሐሳብ በትሕትና ያስታውሱ፦ የውጭ ትምህርት እውቅና የሚነፈገው ጉልህ ልዩነት ካለ ነው እንጂ ፍጹም አንድ ስላልሆነ አይደለም። ይህ ስምምነቱን ባጸደቁ አገሮች የሚሠራ ሕግ ነው፤ በሌሎቹም ዘንድ ጥሩ መከራከሪያ ይሆናል።

ሰባተኛ፦ ከደረሱ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመቀየሪያ ጊዜ ናቸው። ከተመዘገቡበት በላይ ኮርስ ገብተው ያዳምጡ፤ የመምህሩ አነጋገር የማይገባዎት ከሆነ በሦስተኛው ቀን ይታወቃል። የአድና ድሮፕ ቀን ሳያልፍ ይወስኑ፤ አንድ ኮርስ በቀየሩ ቁጥር ደግሞ አዲሱን ወደ አማካሪዎ ልከው የጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። ብዙ ክሬዲት የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ ተማሪው ሲሄድ ያስፈረመው ወረቀትና ሲመለስ ይዞት የመጣው ትራንስክሪፕት አይተዋወቁም።

ስለ ውጤት አመዛዘን አስቀድመው ይጠይቁ። በፈረንሳይ ነጥቡ ከ20 ነው፣ ማለፊያው 10፤ 16 ያገኘ ሰው የሚደነቅ ተማሪ ነው። በጀርመን 1.0 ከሁሉ ይበልጣል፣ ቁጥሩ ከ4.0 የበለጠበት ወድቋል፤ ማለትም ቁጥሩ ሲያድግ ውጤቱ ይከፋል። በእንግሊዝ 70 ማዕረግ ነው። ይህንን 70 ማንም ሳያስረዳ በመቶኛ ቢገለብጡት ጎበዙ ተማሪ መካከለኛ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የተቋሙን የውጤት ማብራሪያ ገጽ አብረው ያያይዙ።

ከመመለስዎ በፊት ትራንስክሪፕቱ መቼና በየትኛው አድራሻ እንደሚላክ ሬጅስትራር ሄደው ያረጋግጡ፤ የቤተ መጻሕፍት ዕዳ ያለበት ተማሪ ሰነዱ ሊያዝበት ይችላል። ሲላበሶቹን፣ የታረሙ ሥራዎችዎንና የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ የተማሪ ኢሜይልዎ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ግል ኢሜይልዎ ያስተላልፉ።