ረጅም የካውቦይ ፊልም ለጎረቤት ማሳየት

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ውስጥ፣ ቅዳሜ ማታ ጎረቤት ሰብስቤ የካውቦይ ፊልም አሳያለሁ፤ እንግሊዝኛውን እየሰማሁ በአማርኛ የምተርከውም እኔው ነኝ። አንድ ጀግናና አንድ ጠላት ያለበትን ፊልም ማንም ያሳየዋል። ሦስት አራት ታሪክ ጎን ለጎን የሚሄድበት ግን መላ ይፈልጋል።

መላውን ያስተማረኝ የአሜሪካዊው ተዋናይና ዳይሬክተር የኬቨን ኮስትነር «ሆራይዘን» የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ፣ 181 ደቂቃ የሚፈጅ። አንዱ ታሪክ አሜሪካ፣ አሪዞና፣ ሳን ፔድሮ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ ሌላው ዋዮሚንግ፣ ሌላው በሳንታ ፌ መንገድ ከሚጓዙ ሠረገላዎች ጋር። ኮስትነር ራሱ ብቅ የሚለው አንድ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ንግግሩን ቃል በቃል ለመተርጎም ስባዝን፣ የመንዝ ተወላጅ የሆኑት ጎረቤቴ ከጋቢያቸው ውስጥ «ልጄ፣ ይህ የቅድሙ ሰው ወንድም ነው ወይስ ሌላ አገር ገባን?» አሉኝ። ዞር ስል ግማሹ ሰው ተኝቷል። ፊልሙ በዓለም ሲኒማ ቤቶችም አልቀናውም፤ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት 40 ሚሊዮን እንኳ አላስገባም፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሊታይ የነበረው ሁለተኛው ክፍልም ከመርሐ ግብር ወጣ።

እኚህ እናት የርስት ክርክር እየሰሙ ያደጉ ናቸው። የሰባት ትውልድ ሐረግ ሲቆጠር አንድ ስም አያመልጣቸውም። ታሪኩ ስለበዛ አልጠፉም፤ የማን መሬት ላይ እንደቆምን ስላልነገርኳቸው ነው።

ስለዚህ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ካርታ ይሳሉ። እኔ የአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ አሪዞናን፣ ዋዮሚንግንና የሠረገላውን መንገድ ስዬ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እሰቅላለሁ። ታሪኩ ከቦታ ቦታ ሲዘል «ዋዮሚንግ ገባን፤ ሴትየዋ እየሸሸች ነው» ማለት ይበቃል። ንግግሩን ግማሹን ይተዉት፤ ፊት ያየ ሰው ብዙውን ይረዳል።

ዕረፍቱን ለቡና ይስጡት። አቦል፣ ቶናና በረካ ለሦስት ሰዓት ፊልም ልክ ናቸው። ፊልሙን የሚያቆሙት አንድ ታሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ እንጂ ሰዓት ቆጥረው አይሁን። ቡናው ሲቀዳ እርስዎ ዝም ይበሉ፤ ያለፈውን ተመልካቹ ይተርከው። «ሆራይዘን» ሲጀምር ቀያሾች አፓቾች በሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች መሬት ላይ ችካል ይተክላሉ። እኔ አልፌው ነበር፤ አንድ ገበሬ ጎረቤቴ ግን በአቦሉ «አፓቾቹ የተነሡት ችካሉን አይተው ነው» ሲል ቤቱ ሁሉ ነቃ፤ እስከ ቶና ድረስ ስለ ችካል ተከራከርን። ከዚያ በኋላ ማን አንቀላፍቶ!

ለጀማሪ ግን «ሆራይዘን»ን አልመክርም። በሰርጂዮ ሊዮኔ የ1968 ፊልም፣ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት»፣ ይጀምሩ። መክፈቻው ባቡር ጣቢያ ላይ ሰው የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ የሚተረጎም ነገር የለም፣ ንፋስ ወፍጮው ብቻ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። የሁሉም ታሪክ የሚገናኘው አንድ የእርሻ ቦታ ላይ ነው፤ የእንፋሎት ባቡር ውኃ ስለሚፈልግ፣ ውኃው ደግሞ እዚያ ስላለ። ይህን ለሰሜን ሸዋ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ቀጥሎ የ1962ቱ «ሃው ዘ ዌስት ዋዝ ዎን» ይምጣ፤ ሦስት ዳይሬክተሮች ቢከፋፈሉትም ክሩ የአንድ ቤተሰብ ዘር ነው።

ቅጂ ሲመርጡ አጭሩን አይውሰዱ። የማይክል ቺሚኖ «ሄቨንስ ጌት» በ1980 ኒውዮርክ ላይ ሲታይ 219 ደቂቃ ነበር፤ ተቺዎች ስላብጠለጠሉት ከሲኒማ ቤት ተነሥቶ ወደ 149 ደቂቃ ተቆረጠ፤ ያም አላዳነው። በ2012 ረጅሙ ታድሶ ቬኒስ ላይ ሲቀርብ ግን ሰው በአክብሮት ተቀበለው። መቀስ የሚወስደው ሰውን ከሰው የሚያገናኘውን ትዕይንት ነው። ረጅሙን ለሁለት ቅዳሜ ይክፈሉት።

«ሆራይዘን» ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር አስቀድመው ይናገሩ፤ የሚያልቀው ከቀጣዩ ክፍል በተቀነጫጨቡ ምስሎች ነው። እኔ ሳልናገር ቀርቼ ሰዎቹ በዚያ ብርድ ደጄ ላይ ቆመው «ሠረገላዎቹስ ደረሱ?» ሲሉኝ አመሹ።